ከጥናታችን ላይ የተፋቀው ስም

ሰው ጡረታ ሲወጣ ይበርዳል ይባላል። ቂሙም እንደ ጉልበቱ ይደክማል ይላሉ። እኔ ግን ከወጣሁ ወዲህ ባሰብኝ። ሥራ ላይ ሳለሁ ቢያንስ ደወል ይደወልና ክፍል እገባ ነበር፤ ተማሪ ፊት ተናድዶ ሒሳብ ማስተማር አይቻልምና ንዴቴን ከበር ላይ ትቼው ነበር የምገባው። ዛሬ ደወል የለም። ስለዚህ ተቀምጬ እጽፋለሁ።

ደባርቅ ገበያ ስወጣ የማገኛቸው የድሮ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ባለ ሱቅና ባለ ባጃጅ የሆኑት፣ «ቲቸር፣ ያቺ የሮኬት ነገር እንዴት ሆነች?» ይሉኛል። ግማሾቹ ከልባቸው ነው፤ ግማሾቹ ለሳቅ ነው። ለሁሉም አንድ ጊዜ ልመልስ። ሮኬት አልሠራሁም፤ እሠራለሁ ብዬም አላውቅም። እኔና ባልደረባዬ ይርጋ፣ ሥራዋን የጨረሰች ሳተላይት ምን ያህል ቆይታ ወደ ምድር እንደምትወድቅ የሚያሰላ ቀመር አወጣን። ስለ ጠፈር በረራ ስሌት በሚመክር የውጭ አገር ጉባኤ ላይ እንዲቀርብልን ላክነው። ከዚያ የይርጋን ስም ከላዩ ላይ ፋቁት። ነገሩ ይኸው ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን እንዴት እንደፋቁት ነው።

ማስተማር የጀመርኩት መካነ ብርሃን ነው። ከደባርቅ በእህል መኪና ተጭኜ፣ የቀረውን በእግሬ ሄጄ ስደርስ፣ ርእሰ መምህሩ ከላይ እስከ ታች አየኝና አጠገቡ ለቆመው ሰው «ሒሳብ ብለን ሴት ላኩልን?» አለ። እኔ እዚያው ቆሜ። በማግስቱ ክፍል ይሰጠኛል ስል የተማሪዎች ውጤት ግልባጭ ክምር ሰጠኝ። «የሴት እጅ ጽሑፍ ያምራል» አለኝ፤ እንዳመሰገነኝ ነው የቆጠረው። በዚያ ዘመን ያልተናገርኩትን ዛሬ ልናገር፤ እጅ ጽሑፌ አያምርም።

ከዚያ ያወጡኝ ጋሽ ሞላ ናቸው። የትምህርት ቤቱ አንጋፋ የሒሳብ መምህር ነበሩ፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ካፖርታቸውን በበጋም የማያወልቁ። «ይቺ ልጅ የመጣችው ለሒሳብ ነው። ጸሐፊ ካማረህ ደብተራ ቅጠር» ብለው ርእሰ መምህሩን ፊት ለፊት ተናገሩት፤ ከራሳቸውም ክፍሎች ከፍለው ሰጡኝ። ግን እንዲሁ አልለቀቁኝም። እያስተማርኩ ከኋላ ወንበር ላይ፣ ከተማሪ መሐል ይቀመጡ ነበር። አንድ መስመር ጽፌ ወደሚቀጥለው ስሻገር፣

«ምስክርሽ ማነው?» ይላሉ።

በኛ አገር መሬት የሚሟገት ሰው ምስክሩን ሳይቆጥር ዳኛ ፊት አይቆምም። ሒሳብም ለጋሽ ሞላ ሙግት ነበር። እያንዳንዱ መስመር ከየት እንደመጣ፣ በየትኛው ሕግ እንደቆመ ካልተናገርኩ አያሳልፉኝም። ተማሪዎቹም ለመዱት፤ የስምንተኛ ክፍል ልጅ «ቲቸር፣ ለሱ ምስክር የለም» ሲለኝ ላብ በላብ የሆንኩበት ቀን አለ። ከሰሌዳው በስተቀኝ አንድ ክንድ የሚያህል ቦታ ባዶ ያስተዉኝ ነበር። «ያ የጥርጣሬ ቦታ ነው። የጠረጠርሽውን እዚያ ጻፊ፤ የተረፈውን ሰው ይጠራጠርልሻል» ይሉኛል።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ክፍል ሲገቡ ሰሌዳው ላይ የሌላ መምህር ጽሑፍ ካገኙ ሳይጠይቁ አያጠፉም። «ይኼ የማን ነው?» ይላሉ። ባለቤቱ ከሌለ ልጅ ልከው ያስጠይቃሉ። ክፍለ ጊዜው እየሄደ፣ ተማሪው እየሳቀ፣ እርሳቸው ዳስተሩን ይዘው ይጠብቃሉ። ያኔ የሽማግሌ ግትርነት ይመስለኝ ነበር።

ከመካነ ብርሃን ወደ ደረስጌ፣ ከደረስጌ ወደ ዳባት ተዛወርኩ። ስለ አለቆቼ ብዙ መጻፍ እችል ነበር። ሂጂ ሲሉኝ እየሄድኩ፣ ዕድገት ሲመጣ ግን «ለሴት ይከብዳል» እየተባልኩ ነው ጸጉሬ የሸበተው፤ ይኼን ያህል ካልኩ ይበቃል። ዳባት ግን ይርጋን አገኘሁ።

ይርጋ የፊዚክስ መምህር ነው። የበየዳ ሰው፣ አጭር፣ ሳቁ ከሁለት ክፍል ወዲያ የሚሰማ። ዕድሜው ከኔ ብዙም አያንስም፤ እኔን «ጥሩ» ይለኛል፤ ጥሩወርቅ ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም። አንዳንድ ሰው ከሥራ ሲወጣ ጠላ ቤት ይገባል፤ ይርጋ ጋቢውን ተከናንቦ ሜዳው ላይ ቆሞ ወደ ላይ ያያል። ፀሐይ ገብታ ሰማዩ ገና ሳይጠቁር ሳተላይት ሲያልፍ በዓይን ይታያል፤ እንደ ኮከብ ያለ ነገር ነው፣ ግን ይሄዳል። ሁለታችንም ወደ ደባርቅ ከተዛወርን በኋላ፣ አንድ ጠዋት ስታፍ ውስጥ ሻይ እየጠጣን ጥያቄውን አመጣው።

«ጥሩ፣ ነዳጇን የጨረሰች ሳተላይት የት ትሄዳለች?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ? ፊዚክሱ ያንተ አይደለም?»

«ትወድቃለች። መውደቋን አውቃለሁ። መቼ ነው የምትወድቀው?»

«አስልተው አስቀምጠውት የለ?»

«አስልተውታል። በትልልቅ ኮምፒውተር ነው የሚያሰሉት። ክፍል ውስጥ ተማሪ ፊት፣ በአንድ ሰሌዳ ላይ የሚሠራ አጭር መንገድ ግን ፈልጌ አጣሁ።»

እንግዲህ እዚያ ተጀመረ። ሳተላይት የምትሄደው በባዶ ቦታ ይመስለናል። ባዶ አይደለም። እጅግ የሳሳ አየር አለ። ያ አየር በየዙሯ ትንሽ ትንሽ እየታከከ ይይዛታል፤ ምሕዋሯ ዝቅ ይላል፤ ዝቅ ባለች ቁጥር አየሩ ይወፍራል፤ በወፈረ ቁጥር ይበልጥ ትወርዳለች። መጀመሪያ በዓመት የማይታወቅ ነገር፣ መጨረሻ ላይ በጥቂት ሰዓት ያልቃል። ይርጋ ተፈጥሮውን ያውቃል፤ እኔ ቀመሩን እጎነጉናለሁ። እሱ «እዚህ ላይ አየሩ እንዲህ ያደርጋል» ይላል፤ እኔ «ምስክርህ ማነው?» እለዋለሁ፤ እሱ ይስቃል፤ ከዚያ ይናደዳል፤ ከዚያ ሄዶ ምስክሩን ያመጣል። የሳተላይቶች ምሕዋር በየጊዜው ለሁሉም ክፍት ሆኖ ኢንተርኔት ላይ ይወጣል። ቀድመው የወደቁትን እያወረድን ቀመራችን «በዚህ ጊዜ ትወድቃለች» ያለውን ከእውነተኛው ጋር እናስተያይ ነበር። ከትምህርት በኋላ ባዶ ክፍል ውስጥ፣ ሙሉ ሰሌዳ ጽፈን፣ ጥጉ ላይ «እባካችሁ አታጥፉ» ብለን እንሄድ ነበር። አንዳንዴ ያጠፉብናል፤ እንደገና እንጽፋለን።

መጀመሪያ ለጉባኤው ስንልክ የገጠመን ነገር ዛሬም ያስቀኛል፤ ሳቁ ግን መራራ ነው። የጥናት መቀበያው ገጽ ከየት ተቋም እንደሆንን ይጠይቃል። ከዝርዝር ውስጥ ነው የሚመረጠው። የዓለም ዩኒቨርሲቲ ሁሉ ተደርድሯል፤ የደባርቅ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከየት ይምጣ።

«መጨረሻ ላይ ‹ሌላ› የሚል አለ፤ እሱን ምረጪ» አለኝ ይርጋ።

«ይኼን ሁሉ ዘመን አስተምሬ ሌላ ነኝ?»

«ዛሬ ሌላ እንሁን፤ ሲቀበሉን ስማችንን ይጽፉታል» አለ።

የስማችን ቅደም ተከተልም አከራከረን። በፈረንጅ ፊደል ተራ ከሆነ እኔ እቀድማለሁ፤ በኛ ፊደል ከሆነ «ይ» ከ«ጥ» ይቀድማል። እኔ በኛ ፊደል ይሁን አልኩ። እሱ ደግሞ አይሆንም፣ የአንቺ ቀመር ነው አለ። አሸነፍኩት። ይርጋ ቀዳሚ፣ እኔ ተከታይ ሆነን ላክን።

አልተቀበሉንም። ይኼን በቅጡ መናገር አለብኝ፤ በሥራ ዘመኔ ከደረሰብኝ ውድቀት ሁሉ የከበደኝ እሱ ነውና። ትምህርት ቤቱ ሁሉ ሰምቶ ነበር፤ ርእሰ መምህሩ በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ ሁሉ ተናግሮታል። መልሱ መጣ። አንዱ ገምጋሚ የጻፈው ባጭሩ እንዲህ ነው፤ ምድር ስትዞር አየሯንም ይዛ ትዞራለች፣ እናንተ ግን አየሩን የቆመ አድርጋችሁ አስልታችኋል። አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት። ትክክል ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ምስክር እየቆጠርን፣ ከመስመሮቹ ሁሉ በፊት ያለውን ነገር ማንም አልጠየቀውም። ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። ግን አልተናደድኩም። ያ ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ስማችንን አልነካም፣ ስህተታችንን ነካ። እንዲህ ያለ ሰው ይባረክ።

የሚያቃናውን መንገድ ያገኘው ይርጋ ነው። ቅዳሜ ዕለት ቤቴ መጣና ሳይቀመጥ ጀመረ።

«ሊማሊሞን ስትወጪ ነፋሱ ከኋላሽ ሲሆን ይቀልሻል አይደል? ከፊትሽ ሲሆንስ?»

«ያንገላታኛል።»

«ወደ ምሥራቅ የምትሄደዋ ሳተላይት ነፋሱ ከኋላዋ ነው። በዋልታዎች ላይ የምታልፈዋ ነፋሱ ከጎኗ ነው። ስለዚህ አንድ ቀመር አይበቃም። ያቺ የምሕዋሯ ዝንባሌ ቀመሩ ውስጥ መግባት አለባት።»

መልሰን መሥራት ያዝን። በመሐሉ ይርጋን ኩላሊቱ አመመው። ጎንደር ሐኪም ቤት ይመላለሳል፤ መንገድ ሲዘጋ ይቀራል። ፊቱ እያበጠ፣ ሳቁ እያነሰ ሄደ። ግን ሥራውን አልተወም። አልጋው ላይ ትራስ ተደግፎ፣ እኔ ያመጣሁለትን ወረቀት ጭኑ ላይ ዘርግቶ ያያል። ባለቤቱ እናኑ ገበያ ላይ ገብስና ባቄላ የምትነግድ፣ ቁም ነገረኛ ሴት ናት። «መምህርት፣ በሽታው ሳይሆን ሒሳቡ ነው የሚገድለው» ትለኛለች። እሱ ደግሞ «ሒሳቡ ነው ያቆየኝ» ይላታል።

ቀመሩ ተስተካከለ። ከወደቁት ሳተላይቶች ጋር ስናስተያየው፣ ድሮ የማይገጥመው ሁሉ እየገጠመ መጣ። ግን ልንልከው ስንል በአካባቢያችን በነበረው ችግር ኢንተርኔት ከተቋረጠ ቆይቶ ነበር። ስልክ ይደወላል፤ ኢንተርኔት የለም። የመላኪያው ቀን ደግሞ ቀርቧል። እኔ ፍላሽ ይዤ አዲስ አበባ ልሄድ ተስማማን።

አሁን ወደ ዶክተር ምትኩ መጣሁ። አንድ የምርምር ተቋም ውስጥ የክፍል ኃላፊ ነው። ከዚያ በፊት ለተማሪዎች ስለ ጠፈር ሳይንስ ንግግር ሊያደርግ ደባርቅ መጥቶ፣ የኛን ሥራ ሰሌዳ ላይ አይቶ በጣም አድንቆ ነበር፤ አዲስ አበባ ስትመጡ ቢሮዬ ክፍት ነው ብሎን ሄደ። በደስታ ተቀበለኝ። ኮምፒውተር ሰጠኝ፣ ሻይ አስመጣልኝ፣ ጥናቱን በራሴ እጅ ላክሁት። ይርጋ ቀዳሚ፣ እኔ ተከታይ። ለምን እሱ እንደቀደመ ሲጠይቀኝ በኛ ፊደል ተራ ነው አልኩት። መልስ የሚመጣበት አድራሻ ሲጠየቅ ተቸገርኩ፤ ደባርቅ ኢንተርኔት የለም።

«የኔን አስገቢው ማዘር። መልሱ ሲመጣ ደውዬ እነግርሻለሁ» አለኝ።

ማዘር ያለኝን እንኳ ያን ቀን በበጎ ነው የተረጎምኩት። አድራሻውን አስገባሁ።

ከተመለስኩ በኋላ ይርጋ ብዙ አልቆየም። አረፈ። ስለዚያ መጻፍ አልፈልግም። ከቀብሩ በኋላ ለዶክተር ምትኩ ደውዬ ነገርኩት። «ነፍስ ይማር፣ ትልቅ ጉዳት ነው» አለኝ። ድምፁ ያዘነ ሰው ድምፅ ነበር።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል እሱ ደወለ።

«እንኳን ደስ አለሽ! ተቀብለውታል! ገምጋሚዎቹ በጣም ነው የወደዱት። እኔ ሄጄ አቀርበዋለሁ፤ የጉዞው ነገር በተቋሙ በኩል አልቋል። የስም ዝርዝሩንም አስተካክዬዋለሁ።»

«ምን አስተካከልክ?»

«መጀመሪያ እኔ፣ ቀጥሎ አንቺ። አቶ ይርጋን ደግሞ መጨረሻ ላይ፣ ምስጋና በሚለው ውስጥ አስገብቻቸዋለሁ። በጥሩ ቃል ነው የጻፍኩት።»

በጥሩ ቃል! ደብቆኝ ቢሆን ኖሮ ሌባ ነው ብዬ እተወው ነበር። ሌባ እንኳ ያፍራል። ይኼ ሰው ግን ውለታ እንደዋለልኝ አድርጎ ነው የነገረኝ።

በስልክ የሚያልቅ ነገር አልነበረም። አዲስ አበባ ተመልሼ ሄድኩ። ቢሮው ስገባ ያው ሻይ ታዘዘልኝ። አልነካሁትም።

«የይርጋን ስም መልስ» አልኩት።

«ማዘር፣ ተረጋጊ። የሞተ ሰው ጉባኤ ላይ አይቀርብም። ጥያቄ ሲነሳ ማን ይመልስ?»

«የሚያቀርብ ሰው ሌላ፣ የሠራው ሰው ሌላ። ጽሑፉ ላይ አቅራቢ ብለህ ስምህን ጻፍ፤ ማን ከለከለህ።»

«አቅራቢ ብቻ ከሆንኩ ተቋሙ የጉዞዬን ወጪ አይሸፍንም። አሠራር ነው። ደግሞ የሁለት ሁለተኛ ደረጃ መምህራን ስም ብቻ ሲያዩ ነገሩን ክብደት አይሰጡትም፤ ዓለም እንዲህ ነው።»

«ስማችን ብቻ ሳለ አይደል እንዴ የተቀበሉት?»

ፈገግ ብሎ የተናገረው ነገር እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

«ለመሆኑ ስማችሁን የደረደራችሁት በኛ ፊደል ተራ ነው አላልሽኝም? እንግዲያ ‹ም› ከሁለታችሁም ይቀድማል።»

ሞኝ ሰው ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባልተቃጠልኩ። ሞኝ አይደለም። ጽሑፋችንን ከኔ ባልተናነሰ አንብቦታል፤ የምሕዋሩን ዝንባሌ እንዴት ቀመሩ ውስጥ እንዳስገባን ሲያስረዳኝ አንዲት ነገር አልሳተም። ምን ያህል እንደለፋንበት ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነበር። እያወቀ ነው የወሰደው። ሰሌዳ ላይ ያለ የሰው ጽሑፍ ለማጥፋት «ይኼ የማን ነው?» ብለው ዳስተር ይዘው የሚጠብቁትን ጋሽ ሞላን ያኔ አሰብኳቸው። እርሳቸው ዶክተር አልነበሩም።

«ካልመለስክ ለጉባኤው እጽፋለሁ» አልኩት።

«ጻፊ። ውጤቱን ግን አብረን እናየዋለን። ይኼ ለአገርም ስም ነው፣ ማዘር።»

«ስሜ ጥሩወርቅ ነው» ብዬው ወጣሁ።

ጻፍኩ። የላክሁበትን ማስረጃ፣ የመጀመሪያውን ቅጂ፣ ሁሉንም አያይዤ ለጉባኤው አዘጋጆች ላክሁ። መልሳቸው ትሑት ነበር፤ ትሕትናው ነው የገደለኝ። በጸሐፊዎች መካከል አለመግባባት ስለተነሳ ጥናቱን ከዘንድሮው ጉባኤ አውጥተነዋል፤ ግራ ቀኙን ለመዳኘት ሥልጣን የለንም፤ ስለተረዱን እናመሰግናለን። አልተረዳኋቸውም! ሌባና ባለቤት ሲካሰሱ ከብቱን አርዶ የሚገላግል ዳኛ የት አገር አለ? የመጀመሪያው ቅጂ እጃቸው ላይ ነበር። ማየት ብቻ ነበር የቀራቸው።

ከሁሉ የባሰው ግን የገዛ ባልደረቦቼ ነገር ነው። በዚያው ሰሞን የጡረታ ጊዜዬ ደርሶ ነበርና ትምህርት ቤቱ ሸኘኝ። ጋቢ አለበሱኝ፤ ስለ ትጋቴ ተናገሩ። ርእሰ መምህሩ ጎኔ ተቀምጦ፣ «ቲቸር፣ እውነት ለመናገር፣ እልኽ ባይዝሽ ኖሮ የደባርቅ ስም በዓለም መድረክ ይጠራ ነበር። ያንቺ ስም እንደሆነ አልተነካ» አለኝ። ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። ከይርጋ ጋር አንድ ስታፍ ውስጥ ሻይ ሲጠጡ የኖሩ ሰዎች ናቸው። «ይርጋስ የደባርቅ አይደለም?» ብዬ ብጠይቅ አንዱ ለስላሳ ቀዳልኝ።

ልክ ነኝ ወይስ አይደለሁም ብዬ ራሴን የጠየቅሁት ያን ሰሞን ነው። ምክንያቱም ነገሩ የኔ ብቻ አልነበረም። እናኑ ሦስት ልጆች አላት። የአባታቸው ሥራ ምስጋና ውስጥም ቢሆን መታተሙ ይሻላቸው ይሆን? ሳልጠይቃት ነበር የወሰንኩት። ገበያ ሄድኩና ከእህሏ ጀርባ ከረጢት ላይ ተቀምጬ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳት። ደንበኛ ሲመጣ እየሰፈረች፣ ሲሄድ እየሰማች፣ ሁሉን አደመጠች።

«ስሙን አንስቶ የራሱን ተከለ ነው የምትዪኝ?»

«አዎ።»

«አንቺስ ካልሆነ ይቅር አልሽ።»

«አዎ። ሳልጠይቅሽ ነው እናኑ። ይቅር በይኝ።»

መስፈሪያውን አስቀመጠች።

«እኛ አገር ሟች ያረሰውን ሌላ ሰው ቢያጭደው ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ዳኛ ይቀመጣል። ለምኑ ነው ይቅርታው? እኔ የምጠይቅሽ ሌላ ነው። መልሰሽ መላክ አይቻልም?»

እኔ የማልቀስ ቦታ እየፈለግሁ ሳለ እሷ ሥራውን ነበር የምታስበው። ይቻላል አልኳት። «እንግዲያ ምን ተቀምጠሽ ታለቅሻለሽ» አለችኝ።

በሚቀጥለው ዓመት ላክሁት። ኢንተርኔቱ ተመልሷል፤ መልስ የሚመጣበትን አድራሻ የራሴን አደረግሁ፤ ተቋም ለሚለው አሁንም «ሌላ»ን መረጥኩ። ይርጋ ቀዳሚ፣ እኔ ተከታይ፤ ከስሙ አጠገብ በሕይወት እንደሌለ የሚያመለክት ምልክት አደረግሁ። የሟቹ ቤተሰብ እንዲስማማ ጠየቁ፤ እናኑ ፈረመች። ተቀበሉት። መሄድ እንደማልችል ስጽፍላቸው በቪዲዮ እንዳቀርብ ፈቀዱልኝ። ዶክተር ምትኩን የሚጠይቅ ካለ፣ ደህና ነው። ከዚያ ወዲህ አድጓል። ማንም ምንም አላለውም፤ ከኔ በቀር የጠየቀውም የለም።

የጉባኤው ቀን ጎንደር ወረድን፤ አንድ ሆቴል መብራትም ኢንተርኔትም የማይቋረጥበት የስብሰባ ክፍል አለው ብለውን እሱን ያዝን። እናኑ የክት ቀሚሷን ለብሳ አጠገቤ ተቀመጠች። እንግሊዝኛ አትሰማም፤ ምን ትሠሪያለሽ ብላት፣ «አንቺ እስክትጨርሺ እቀመጣለሁ» አለችኝ። ስክሪኑ ላይ ትልቅ አዳራሽ ታየ፤ ሰው ሞልቶበታል።

መድረኩን የሚመራው ሸበቶ ሰው የጥናቱን ርእስ አነበበ። ቀጥሎ የጸሐፊዎቹን ስም ጀመረ። ምላሱ እየተደናቀፈ፣ ፊደሉን እየጎተተ፣ «ይ…ርጋ» አለ።

«አቤት!» አለች እናኑ።

ማይኩ ክፍት ነበር። ድምጿ በዚያ አዳራሽ አስተጋብቶ በስክሪኑ ወደኛ ተመለሰ። ሰዎቹ ቀና አሉ። ሸበቶው ሰው ወረቀቱን አየ፣ እኛን አየ፤ አቶ ይርጋ አብረውን አሉ ወይ ሲል ጠየቀ።

«የሉም፤ ሞተዋል» አልኩት በእንግሊዝኛ። «የመለሰችው ባለቤታቸው ናት።»

ሰውየው መነጽሩን አወለቀ። ስማቸውን በትክክል አልጠራሁም፣ እንዴት እንደሚባል ቢነግሩኝ አለ። ወደ እናኑ ዞሬ፣ «ስሙን በትክክል ንገሪኝ ይላል» አልኳት።

እናኑ ነጠላዋን አስተካክላ ማይኩን ከፊቴ ወደራሷ ሳበችው። ዳኛ ፊት እንደቆመ ሰው ረጋ ብላ፣ አንድ በአንድ፣ የባሏን ስም ከነአባቱና ከነአያቱ ነገረችው። እሱም ከዚያ ማዶ ሆኖ እየተከተለ ደገመው፤ አያቱ ላይ ሲስት «አይደለም» ብላ መለሰችው፤ እንደገና አለው።

ከዚያ ማይኩን ሰጠችኝና እኔ ጀመርኩ።